«ማን ነህ? ስንተኛ ነህ?»

ይሄኛው ረዘም ይላል። በአቦል ጀምራችሁ በበረካ ብትጨርሱት ነው። አንድ ማሳሰቢያ ላስቀድም፦ የኮምፒውተር ነገር ስጽፍ ዓመቱ በፈረንጅ ስለሆነ «እ.ኤ.አ.» እላለሁ፤ የእኛን ስጽፍ «ዓ.ም.» እላለሁ። ይቺን ማሳሰቢያ ለምን እንዳስቀደምኳት ወደ ኋላ ላይ ይገባችኋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጦርነቱ በኋላ የኮምፒውተር ክፍላችን ምን ይመስል እንደነበር የምታውቁ ታውቃላችሁ። በቅርቡ ሰባት ያገለገሉ ኮምፒውተሮች በእርዳታ አገኘን። እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ ግን የክፍሉ ቁልፍ እኔ ኪስ ስለሆነ ሥራውም የእኔ ሆነ። ሰባቱም ውስጥ ያለው ዊንዶውስ ሳይሆን ሊኑክስ ነው። መብራት ባለበት ቅዳሜ ጠብቄ ያለ ኢንተርኔት የሚነበብ የመጻሕፍት ስብስብ ልጭንባቸው ተቀመጥኩ። ለ12ኛ ክፍል ልጆች ትልቅ ነገር ነበር። ሦስቱ እሺ አሉ። አራቱ አሻፈረኝ አሉ። የጻፉልኝ መልእክት ባጭሩ «ይህ ሥርዓት አይደገፍም» የሚል ነው። የትኛው ሥርዓት? እኔ ምን አውቄ! ላያቸው ላይ የተለጠፈ ነገር የለም፣ መልካቸውም ይለያያል።

አዲስ አበባ በኮምፒውተር ሥራ ላይ ያለ አንድ የድሮ ተማሪዬ ጋ ደወልኩ። ብዙ ሳያወራ «ቲቸር፣ ከመገመትዎ በፊት እሱን ራሱን ይጠይቁት» አለኝ። ጥቁሩን መስኮት አስከፍቶ አንዲት መስመር አስጻፈኝ። ኮምፒውተሩ ስሙን፣ የማን ዘመድ እንደሆነና ስንተኛ እትም እንደሆነ ዘርዝሮ አወጣ። በሰባቱም ላይ ያንኑ መስመር ጻፍኩ፣ ሰባቱም መለሱ።

እኔን የገረመኝ መልሱ አይደለም። የገረመኝ አንድ ጥያቄ ለሁሉም መሥራቱ ነው። ልጁ ሳቀና «እሱማ ድሮ እንዲህ አልነበረም» አለኝ። «ድሮ» የምትባል ቃል ከሰማሁ ደግሞ አልተኛም። ከዚያ በኋላ ያነበብኩትን ነው የማካፍላችሁ።

*

መጀመሪያ ሊኑክስ ምን እንደሆነ በእኛው መንገድ ላስረዳ። ከወልድያ ወደ እኛ የሚመጣውን ቅጥቅጥ ኢሱዙ ሁላችንም ተሳፍረንበታል። ሞተሩና ሻንሲው የኢሱዙ የጭነት መኪና ነው። አካሉን፣ ወንበሩን፣ መስኮቱን ግን እዚሁ አገር ያለ ጋራዥ ቀጥቅጦ ይሠራዋል። ስለዚህ ሁለት ቅጥቅጦች ሞተራቸው አንድ ሆኖ አካላቸው ፈጽሞ ላይገናኝ ይችላል።

ሊኑክስም እንዲሁ ነው። ሞተሩን፣ «ከርነል» የሚባለውን፣ ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 ጀመረው፤ ኮዱንም ማንም እንዲያየውና እንዲያሻሽለው ለቀቀው። ሞተር ብቻውን ግን ሰው አይጭንም። ሌሎች ሰዎች አካሉን እየቀጠቀጡ፣ ማለትም ሌሎቹን ፕሮግራሞች እየጨመሩ፣ በየስማቸው ማውጣት ጀመሩ። እነዚህ «ዲስትሪቢውሽን»፣ ባጭሩ «ዲስትሮ» ይባላሉ። ስላክዌርና ዴቢያን እ.ኤ.አ. በ1993 ተጀመሩ። ሬድሃትና ሱሴ በ1994 ተከተሉ። በ2004 ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልዎርዝ ከዴቢያን ላይ ተነስቶ ኡቡንቱን አወጣ። ዛሬ ዲስትሮዎቹ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ናቸው።

አሁን አንድ ሶፍትዌር ጸሐፊ ሁኑና አስቡት። ፕሮግራማችሁ በሁሉም ላይ እንዲሠራ ትፈልጋላችሁ። ግን አንዱ ፋይሎቹን እዚህ ያስቀምጣል፣ ሌላው እዚያ፤ አንዱ ፕሮግራም የሚጭንበት ትእዛዝ ሌላ ነው፣ የሌላው ሌላ። ስለዚህ ፕሮግራማችሁ ሥራ ከመጀመሩ በፊት «የት ነው ያለሁት? ስንተኛው እትም ላይ ነኝ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ማንን ይጠይቅ?

መኪና ሲሆን ቀላል ነው፤ ሊብሬ አለው። ትራፊክ ሲያስቆም «ሊብሬ» ይላል፣ ሹፌሩ ያወጣል፤ የሞተር ቁጥር፣ የሻንሲ ቁጥር፣ የተሠራበት ዘመን አለበት። ለኢሱዙም፣ ለቶዮታም፣ ለሲኖትራክም ጥያቄው ያው «ሊብሬ» ነው።

የሊኑክስ ዲስትሮዎች ለ20 ዓመት ገደማ እንዲህ ያለ የጋራ ሊብሬ አልነበራቸውም። መረጃውማ ነበራቸው። ችግሩ እያንዳንዱ በየራሱ ስም ደብቆ ማስቀመጡ ነው። ሬድሃት «ሬድሃት-ሪሊስ» በሚባል ፋይል ይጽፋል። ሱሴ «ሱሴ-ሪሊስ»፣ ስላክዌር «ስላክዌር-ቨርዥን»፣ ዴቢያን «ዴቢያን-ቨርዥን»፣ ጄንቱ «ጄንቱ-ሪሊስ» ይላል። አስተዋላችሁ? ስሙን የያዘው ፋይል ራሱ በስሙ ነው የሚጠራው። ስለዚህ የኮምፒውተሩን ስም ለመጠየቅ አስቀድሞ ስሙን ማወቅ ያስፈልግ ነበር! ትራፊኩ «ሊብሬ» ማለት ቀርቶ «የኢሱዙ ሊብሬ አለህ? የለም? የቶዮታስ? የለም? የፊያትስ?» እያለ ዝርዝሩ እስኪያልቅ እንደሚጠይቅ አስቡት። በዝርዝሩ ያልተጻፈ አዲስ መኪና ከመጣ ትራፊኩ ተስፋ ቆርጦ «አይታወቅም» ይላል። ፕሮግራሞቹም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ፋይሉ ሲገኝስ? ይዘቱም እንደ ልብ ነው። ሬድሃት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። ዴቢያን ቁጥር ብቻ ያስቀምጣል፤ ገና ያልወጣ እትም ከሆነ ግን በቁጥሩ ፋንታ የቅጽል ስም ይጽፋል። አርች የሚባለው ደግሞ ይብሳል፤ ፋይሉ አለ፣ ውስጡ ባዶ ነው።

ቁጥር ብቻውን ምን ያህል እንደሚያሳስት ላሳያችሁ። «9» ብላችሁ ብትነግሩኝ፣ ሬድሃት ሊኑክስ 9 እ.ኤ.አ. የ2003 ነው። ፌዶራ 9 የ2008 ነው። ዴቢያን 9 የ2017 ነው። 14 ዓመት ልዩነት ያላቸው ሦስት ሥርዓቶች አንድ ቁጥር ይዘዋል።

የቅጽል ስሙም ጉዳይ ለእኛ ለታሪክ ሰዎች አዲስ አይደለም። ዴቢያን ለእያንዳንዱ እትም ከአንድ የካርቱን ፊልም ገጸ ባሕርያት ስም ያወጣለታል፤ 7ኛው «ዊዚ» ይባላል። አንዱ መመሪያ «ዴቢያን 7» ይላል፣ ሌላው «ዊዚ» ይላል፤ ነገሩ አንድ ነው። የእኛው ንጉሥ በአንዱ መጽሐፍ ላሊበላ ነው፣ በሌላው ገብረ መስቀል ነው፤ የማያውቅ ተማሪ ሁለት ንጉሥ ነው ብሎ ይጽፍልኛል፤ ደጋግሞ ደርሶብኛል። ከተማዋም ሮሐ ነበረች፣ ላሊበላ ሆነች።

ሌላው ጣጣ የዝምድና ነገር ነው። ኡቡንቱ ከዴቢያን ስለተወለደ የአባቱን ፋይል ይዞ ቀርቷል፤ እሱን ብቻ አንብቦ የሚያምን ፕሮግራም ኡቡንቱን ዴቢያን ነው ይለዋል። ሴንትኦኤስ ደግሞ ከሬድሃት ኮድ የተሠራ ስለሆነ «ሬድሃት-ሪሊስ» የሚባለው ፋይል አለው፤ ውስጡ ግን «ሴንትኦኤስ» ይላል። ፋይሉ መኖሩን ብቻ የሚያይ ፕሮግራም ሬድሃት ነው ብሎ ያልፋል። ጽሑፉን የሚያነብ ደግሞ አይደለህም ብሎ ይመልሰዋል። አንድ ማሽን በሁለት ፕሮግራም ፊት ሁለት ሰው ሆነ ማለት ነው።

*

ሰዎቹ ችግሩን አላዩትም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 «ሊኑክስ ስታንዳርድ ቤዝ» የሚባል ደረጃ ወጣ። ዓላማው ሰፊ ነበር፦ ዲስትሮዎች ፋይሎቻቸውን የት እንደሚያስቀምጡ፣ የትኞቹን የጋራ ኮዶች መያዝ እንዳለባቸው፣ ፕሮግራም በምን ዓይነት ጥቅል እንደሚመጣ ሁሉ የሚደነግግ ነው። ከዚያ ሁሉ መሐል ማንነትን የሚናገር አንድ ትእዛዝ ነበረበት፤ «ኤልኤስቢ-ሪሊስ» ይባላል። በ2006 ዓለም አቀፍ ደረጃ ተብሎም ጸደቀ።

አልሠራም ማለት አይደለም፣ ብዙዎች ተጠቅመውበታል። ግን ሁለት ችግር ነበረበት። አንደኛ፣ ትእዛዝ ስለሆነ መጀመሪያ መጫን አለበት። ብዙ ቀላል ሥርዓቶች ላይ ከነጭራሹ የለም። ሊብሬውን ለማየት ጽሕፈት ቤቱ ክፍት መሆን አለበት እንደማለት ነው። ሁለተኛ፣ ከትልቅ ሸክም ጋር ታስሮ መጣ። ደረጃው የመረጠው የጥቅል ዓይነት የሬድሃት ወገኖች የሚጠቀሙበት ነው፤ የዴቢያን ወገኖች የራሳቸው አላቸው። «ስምህን ንገረኝ» ለማለት «መጀመሪያ እንደዚህ ሁን» እንደማለት ሆነ። በመጨረሻ ዴቢያን እ.ኤ.አ. በ2015 አብዛኛውን ተወው።

መፍትሔው የመጣው ካልታሰበ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ሌናርት ፖተሪንግና ካይ ሲቨርስ «ሲስተምዲ» የሚባል ሥራ ጀመሩ። ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳና ሌሎቹን የሚቀሰቅስ ፕሮግራም ነው። በሁሉም ዲስትሮ ላይ መሥራት ስላለበት ያ የተለመደው ጥያቄ ገጠማቸው፦ «የት ነው ያለሁት?» የየዲስትሮውን ፋይል እያሳደዱ መኖር አልፈለጉም። አንድ ፋይል ሐሳብ አቀረቡ፤ ስሙ «ኦኤስ-ሪሊስ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 መጀመሪያ ላይ ትልልቆቹ ዲስትሮዎች አብዛኞቹ ስለተቀበሉት፣ ሲስተምዲ የድሮዎቹን ፋይሎች ማንበብ አቆመና በዚያ ብቻ መመራት ጀመረ።

ስሙን እዩት። ሬድሃት የለበትም፣ ዴቢያን የለበትም፣ ሱሴ የለበትም። «ኦኤስ» ማለት ሥርዓት ብቻ ነው። የማንም ስላልሆነ የሁሉም መሆን ቻለ። ለእኔ የታሪኩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው።

ውስጡስ? ጥቂት መስመር፣ ማንም ከፍቶ የሚያነበው ተራ ጽሑፍ። መጫን የለ፣ ማስኬድ የለ። በእያንዳንዱ መስመር አንድ ስያሜ፣ የእኩል ምልክት፣ መልስ። ዋና ዋናዎቹን ልጥቀስ።

«ኔም» ለሰው የሚነበበው ስም ነው። «አይዲ» ደግሞ ለማሽን ነው፤ በትንንሽ ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ፣ ሳይቀያየር የሚጻፍ። ለምን ሁለት ስም አስፈለገ? የእኛን ገዳም ውሰዱ። አንዱ «ነአኩቶ ለአብ» ይጽፋል፣ አንዱ «ነአኵቶ ለአብ»፣ አንዱ «ናኩቶ ለአብ»፣ አንዱ ደግሞ አጣብቆ «ነአኩቶለአብ»። እኔና እናንተ አራቱንም ስናይ ያው ዋሻው፣ ያው ከጣሪያው ጠብ ጠብ የሚለው ጠበል ነው የሚታየን። ለማሽን ግን አራት የተለያዩ ቦታዎች ናቸው። ስለዚህ ለሰው እንደ ልባችሁ አሳምራችሁ ጻፉ፣ ለማሽን ግን የማትለወጥ አንዲት አጻጻፍ ስጡ ነው ነገሩ።

«ቨርዥን» እና «ቨርዥን አይዲ»ም እንዲሁ ናቸው፦ አንዱ ከነቅጽል ስሙ ለሰው፣ ሌላው ቁጥሩ ብቻ ለማሽን። ቁጥር የሌለው፣ ሁልጊዜ እየታደሰ የሚሄድ ዲስትሮ ከሆነ ይተወዋል። ያለው ይናገር፣ የሌለው አይዋሽ።

የወደድኩት ግን «አይዲ ላይክ» የሚባለውን ነው፤ ማንን እንደሚመስል፣ ከማን ጋር እንደሚዛመድ የሚናገርበት ቦታ። ኡቡንቱ «አይዲዬ ኡቡንቱ፣ የምመስለው ዴቢያንን» ይላል። ሴንትኦኤስም ራሱን ሴንትኦኤስ ብሎ፣ የምመስለው ሬድሃትንና ፌዶራን ነው ይላል። ያ ሁሉ የአባትና የልጅ ግራ መጋባት በአንዲት መስመር አለቀ። ስምህ የራስህ ነው፣ ዘመድህንም አትክድም። ፕሮግራሙ ኡቡንቱ የሚባል ሰምቶ ባያውቅ እንኳ «የዴቢያን ዘመድ ከሆነ ግባ» ይላል። እኛስ የማናውቀው እንግዳ ሲመጣ የማን ልጅ ነህ ብለን አይደል የምናስገባው?

ሲስተምዲ ራሱ ያስነሳውን ጭቅጭቅ የሊኑክስ ሰዎች ይንገሯችሁ፤ ብዙ ተዋግተውበታል። የሚገርመው ግን ሲስተምዲን አንጠቀምም ያሉት፣ እነ አልፓይን፣ ቮይድና ስላክዌር፣ ይህችን ፋይል ተቀብለዋታል። ምክንያቱም ምንም አታስገድድም። «አንድ ሁኑ» አላለችም፣ «ማን እንደሆናችሁ ሁላችሁም አንድ ቦታ ላይ ጻፉ» አለች እንጂ። ፓይተን የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋም የድሮ መገመቻውን እ.ኤ.አ. በ2019 ከ3.8 እትሙ ላይ አወጣው፤ በ2021 በ3.10 እትሙ ይህችኑ ፋይል የሚያነብ መሣሪያ አስገባ። መገመት ቀረ፣ መጠየቅ መጣ።

*

ይሄ የፈረንጅ ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የእኛ ሊቃውንት ከኮምፒውተር በፊት የሠሩት ሥራ ነው። አንድ የብራና መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ጸሐፊው ጊዜውን ሲመዘግብ ቁጥር ብቻ አይተውላችሁም። ዓመተ ዓለም ነው ወይስ ዓመተ ምሕረት፣ በማን ንጉሥ ዘመን፣ ወንጌላዊውስ ማን ነው እያለ ይነግራችኋል። ምክንያት አለው። በድሮ ጽሑፎች ላይ ዓመተ ምሕረት የሚባለው ዛሬ የምናውቀው ሳይሆን በ532 ዓመት እየዞረ የሚመለስ ዑደት ውስጥ ያለ ቁጥር የሚሆንበት ጊዜ አለ። የንጉሡ ስም ከጎኑ ከሌለ የትኛው ዙር እንደሆነ አታውቁም። ያው የ«9» ችግር ነው።

ወንጌላዊው ደግሞ ማረጋገጫ ነው። 2016 ዓ.ም.ን ውሰዱ። 5500 ስትደምሩ 7516 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ለ4 አካፍሉት፤ ቀሪ የለውም፣ ስለዚህ ዘመነ ዮሐንስ ነው። 1 ከቀረ ማቴዎስ፣ 2 ከቀረ ማርቆስ፣ 3 ከቀረ ሉቃስ። ጸሐፊው ቁጥሩን ተሳስቶ ቢጽፍና ወንጌላዊው ካልገጠመ ስህተቱ ይያዛል።

እኛ የዛሬዎቹስ? «በ2004» ብለን ጽፈን እንሄዳለን። የማን 2004? በክፍሌ የሆነውን ልንገራችሁ። እምቢ ካሉት አራት ኮምፒውተሮች ሦስቱ «ኡቡንቱ 14.04» ብለው መለሱ። ኡቡንቱ እትሙን የሚቆጥረው በወጣበት ዓመትና ወር እንደሆነ ለልጆቹ ነገርኳቸው፦ 14 ዓመቱ፣ 04 ወሩ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ በእኛ ነው በፈረንጅ?» አለች። ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ዓመቱን ሙሉ ከተጠየቅኩት ሁሉ ይሄ ሳይበልጥ አይቀርም። በእኛ ቢሆን ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ነው፣ ገና የትናንት ማሽን ነው። በፈረንጅ ግን ኤፕሪል 2014 ነው፤ በእኛ ሚያዝያ 2006 ዓ.ም.። መደበኛው የ5 ዓመት ድጋፉ በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. አልቋል። ከዚያ ወዲህ የተገኘ የደኅንነት ቀዳዳ ለሁሉም በነጻ በሚሰጠው እድሳት አይደፈንለትም። እንዲህ ያለውን ማሽን ከኢንተርኔት ጋር አገናኝቶ የልጆችን ስምና ውጤት ማስገባት በር የሌለው ጎተራ ውስጥ እህል ማስቀመጥ ነው። ይህንን ያወቅነው ማሽኑ ዕድሜውን ስለተናገረ ብቻ ነው።

*

አሁን ወደሚያመኝ ነገር ልምጣ። ሳይናገር የቀረ ነገር ምን እንደሚያስከፍል ያየሁት ከዚህ በፊት ነው።

እኔን ታሪክ ያስተማሩኝ፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ መምህር ነበሩ። በነአኩቶ ለአብና በዙሪያው ያሉ ሽማግሌዎችን ለዓመታት እየጠየቁ ያሰባሰቡትን ጽሑፍ በኮምፒውተር አስተይበው በሲዲ ትተውልኝ ሄዱ፤ የመሬት ስሞች፣ የድርቅ ዘመን ትዝታዎች፣ የየደብሩ ወግ። ሦስት ፋይል ነበር። ከዓመታት በኋላ ስከፍተው አንድም ፊደል የለም፤ የላቲን ፊደልና ምልክት የተረጨበት ገጽ ሆኖ ጠበቀኝ።

የሆነው ምን መሰላችሁ? ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም የፊደል መዝገብ የእኛን ፊደል የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትሙ ነው፤ 345 ምልክቶች ገቡ። ከዚያ በፊት፣ በተግባር ግን ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር የራሱ አደራደር ነበረው። ለላቲን ፊደል በተዘጋጁት 256 ቦታዎች ላይ የእኛን ፊደሎች በየፊናው ደረደራቸው። አንዱ «ለ»ን ባስቀመጠበት ቁጥር ሌላው «መ»ን ያስቀምጣል። ሁሉም ፊደል ስለማይበቃው ለሁለት ፎንት የሚከፍልም ነበር። በኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ያለው ቁጥር ብቻ ነው፤ ያ ቁጥር የትኛው ፊደል እንደሆነ የሚያውቀው ፎንቱ ነው። ፎንቱ ከጠፋ ወይም ስሙ ካልተጻፈ ጽሑፉ ዲዳ ይሆናል።

ከሦስቱ ፋይሎች ሁለቱ የወርድ ፋይል ነበሩ። ወርድ የፎንቱን ስም ከጽሑፉ ጋር ያስቀምጣል፤ ያንን ስም ይዤ ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር ፕሮግራም አገኘሁና ፊደሎቹ ተመለሱ። የመምህሬን ዓረፍተ ነገር ዳግም ሳነብ ምን እንደተሰማኝ አልነግራችሁም። ሦስተኛው ግን አንድ ሰው በደህና ልቡ፣ ቦታ እንዳይዝ ብሎ፣ ወደ ተራ ጽሑፍ ገልብጦት ነበር። ፊደል ለሁለት ፎንት ከተከፈለ በኋላ የፎንቶቹ ስም ሲጠፋ አንዱ ቁጥር ሁለት ፊደል ሊሆን ይችላል። የመምህሬ ድካም እንዳለ ነው፣ አንድም ቁጥር አልጎደለም። የጎደለችው «ማን ነህ?» ሲባል የምትመልስ አንዲት መስመር ናት።

ከልጆቹ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ቃል በቃል እየገመትን እየፈታነው ነው። እስካሁን ሦስት ገጽ ደርሰናል። የመሬት ስም ላይ ስንደርስ እንቆማለን፤ የመሬት ስም በግምት አይሞላማ። የአካባቢው ሽማግሌ ጋ ሄደን እንጠይቃለን። አንዳንዱን የሚያውቅ ሰው አሁን የለም።

*

አንድ ነገር ግን እንዳላጋንን። ሊብሬ ያለው መኪና ሁሉ ፍሬን አለው ማለት አይደለም። ኦኤስ-ሪሊስም ማንነትን ይናገራል እንጂ ብቃትን አይመሰክርም። ጎበዝ ፕሮግራም ጸሐፊ ስም አይቶ ብቻ አይፈርድም፤ የሚያስፈልገው ነገር መኖሩን ራሱን ይፈትሻል። ሥርዓቱ የማያውቀው ስም ስለያዘ ብቻ ከበር የሚመልስ ፕሮግራም ዛሬም አለ። ስም የተሰጠው ለመተዋወቅ ነው፣ ለመከልከል ብቻ ሲውል ያበላሸዋል።

የእኛዎቹስ? አራተኛው እምቢተኛ ያረጀ ዴቢያን ሆኖ ተገኘ። ተማሪዬ አዳዲሱን እትም በፍላሽ ልኮልን ከአራቱ ሦስቱ ላይ ጫንን፤ መጻሕፍቱም ገቡ። አንዱ አቅሙ ስላልቻለ ከኢንተርኔት ርቆ የመተየቢያ መለማመጃ ሆኗል። በየኮምፒውተሩ ጎን ስሙን፣ እትሙንና የጫንንበትን ቀን የያዘ ወረቀት ለጥፈናል። ያቺ የጠየቀችኝ ልጅ ናት የጻፈችው፤ ከእያንዳንዱ ቀን ጎን «ዓ.ም.» አለበት።

ከእናንተ ሁለት ነገር እለምናለሁ። አንደኛ፣ ቤታችሁ ያረጀ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ያለበት ዲስኬት ወይም ሲዲ ካለ እንዳትጥሉት፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ያንን ሦስተኛ ፋይል የጻፈው የትኛው እንደሆነ እስካሁን አላወቅንም፣ የእናንተው ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ የእናትና የአባታችሁን ታሪክ በስልክ ስትቀዱ ወይም ስትጽፉ፣ ፋይሉ ላይ ማን እንደተናገረው፣ የት፣ በስንት «ዓ.ም.» እንደሆነ አንድ መስመር ጨምሩ። ዛሬ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ለዚህ ነው የማትጽፉት። ከ30 ዓመት በኋላ የሚከፍተው ልጅ ግን የሚጠይቀው ሰው ላያገኝ ይችላል።

ቸር ያሰማን።